እስከ ሃያ ስምንት የደረሰ አስቤዛ

አንዲት ሴት አልጋዋ ስር ሰሃን ትደብቅ ነበር።

የራሷን ሰሃን አይደለም። የጎረቤት ሰሃን። አበባ ያለበት፣ ጠርዙ ወርቃማ፣ የሚያምር ሰሃን። ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ አልጋ ስር። አሁን "ሌባ ናት" ልትሉ ነው አይደል? ቆይ፣ አትፍረዱ። እኔም መጀመሪያ ስሰማ እንደሱ ነው ያልኩት፣ ከዛ ግን... በቃ ዝም ብላችሁ ስሙኝ። ዛሬ ላወራላችሁ የተዘጋጀሁት ሌላ ነበር፣ ትቼዋለሁ። ይሄን ታሪክ ከሰማሁ ጀምሮ ሆዴ ውስጥ እየዘለለ ነው፣ ሳልነግራችሁ ብውል እታመም ነበር።

ስሟን አስካለ እንበላት። ባለትዳር ናት፣ ልጆች አሏት፣ ብዙ ቤት ያለበት ግቢ ውስጥ ተከራይታ ነው የምትኖረው። ባሏ ወንዳፍራሽ ይባላል፣ ፋብሪካ ነው የሚሠራው። ደመወዝ ሲገባ አብረው ገበያ ወጥተው የወር አስቤዛ ይገዛሉ። ዘይቱ በጀሪካን፣ ሽንኩርቱ በከረጢት፣ ምስሩ፣ ሽሮው፣ በርበሬው፣ ዱቄቱ። ባጃጅ ሞልተው ይመጣሉ።

እና ያ አስቤዛ እስከ መቼ የሚቆይ ይመስላችኋል? ስሙ እኮ የወር አስቤዛ ነው። የወር። ግማሽ ወር ከደረሰ ጥሩ ነው።

ለምን? አስካለ ክፉ ሴት ሆና ነው? አይደለም። ሰነፍ ሆና ነው? ኧረ በፍጹም። አስቤዛ የገባ ሳምንት ግን እጇ ይፈታል። ጀሪካኑን ብድግ አድርጋ ድስቱ ላይ ስታንደቀድቅ ማየት ነው። ወጥ ሁለት ዓይነት ካልሆነ አይቀርብም። ከዛ ደግሞ በየቤቱ ሰሃን ትልካለች፣ "ቅመሱልኝ" እያለች። ግቢው በሙሉ "የአስካለ እጅ፣ የአስካለ እጅ" ይላል። ደስ ይላላ። ለጋስ ናት ሲባል ደስ የማይለው ማን ነው? እናንተን አይላችሁም?

ሦስተኛው ሳምንት ላይስ? ሽሮ ያለ ሽንኩርት። አራተኛው ላይስ? ዳቦ በሻይ። አንዳንዴ ሻዩም ያለ ስኳር።

አሁን ሰሃኑ ጋ ደረስኩ። ጎረቤቶቿም በተራቸው ይልኩላታል። አንዷ ዳቦ ስትጋግር፣ አንዷ ዝክር ሲኖራት፣ ሰሃን ሞልቶ ይመጣል። የሚመጣው ደግሞ መቼ ነው? እሷ ቤት ምንም በሌለበት ሰሞን። ልጆቿ ይበላሉ፣ ሰሃኑ ይታጠባል። ከዛስ? እናቶች፣ እዚህ ጋ ገብቷችኋል። የሰው ሰሃን ባዶውን ይመለሳል እንዴ? አይመለስም፣ ነውር ነው። ትንሽ ቆሎ እንኳን ጣል ይደረግበታል። አስካለ ግን የምትጥልበት ቆሎም የላትም። ስለዚህ "ወር ሲገባ ሞልቼ እመልሰዋለሁ" ትልና አልጋ ስር። ወር ሲገባ አንዱን ሞልታ ትመልሳለች፣ ወር ሲያልቅ ሌላ ሦስት ይመጣባታል። አልጋው ስር ቦታ ጠበበ።

እና ምን ሆነ መሰላችሁ? ሰዎቹን መሸሽ ጀመረች። ድምፃቸውን ስትሰማ በሯን ትዘጋለች። መንገድ ላይ ስታያቸው ትሻገራለች። ስለጠሏት ነው? አይደለም። ስላበሏት ነው። ይሄ ነገር አንጀቴን ነው የበላው። ደግ ያደረገላችሁን ሰው መሸሽ ምን ያህል እንደሚከብድ የምታውቁ እዚህ የላችሁም?

እትዬ የሺመቤት የግቢው ትልቅ ሰው ናቸው፣ አበባ ያለባቸው ሰሃኖች በሙሉ የሳቸው ናቸው። አንድ ቀን "ሰሃኖቼን አይታችኋል?" እያሉ በየቤቱ ሲዞሩ አስካለ ቤት ደረሱ። ልጃቸውን ሀረገወይንን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ሊመጡ ነው፣ የሚቀርብበት ሰሃን ደግሞ የለም። አስካለ በር ለመዝጋት አልደረሰችም። እትዬ ገቡና ደክሟቸው ቁጭ አሉ። የት ላይ? አልጋው ላይ። ሰሃኖቹ እኮ ልክ ከሳቸው ስር ናቸው።

አስካለ "አላየሁም" ማለት ትችል ነበር፣ ማን ያውቅባታል? ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"እኔ ጋ ናቸው እትዬ። ባዶውን ማምጣት አፍሬ ነው። ሽማግሌዎቹ በሚመጡበት ቀን ሞልቼ አመጣቸዋለሁ።"

እትዬ ቀና ብለው አዩዋት። ሽማግሌዎቹ የሚመጡት በሚቀጥለው ወር ነው። በሃያ ስምንት፣ በአማኑኤል ዕለት።

"በሃያ ስምንት? አንቺ?" አሉ። "አስካልዬ፣ በሃያ ስምንት እኮ ያንቺ ድመት እንኳን እኛ ቤት ነው የምታድረው።"

ቀልድ ነው። ግን እውነት ነው። እውነት የሆነ ቀልድ እንዴት እንደሚያም ታውቃላችሁ። ወዲያው ወሬው ውሃ መቅጃው ቧንቧ ጋ ደረሰ፣ ግቢው በሙሉ ሳቀ። ማታ ለባሏ ስትነግረው እሱም ሳቀ። "የኛ አስቤዛ እግር አለው" አለ ወንዳፍራሽ፣ "ከአስራ አምስት በኋላ ተነስቶ ይሄዳል።"

አስካለ አልሳቀችም። "እንግዲያው እግሩን አስረዋለሁ" አለች።

ወይ እሷ። እዚህ ጋ ስደርስ እኔ ማጨብጨብ ነው የሚያምረኝ። ገና ምንም ሳታደርግ ማለቴ ነው።

ወር ገባ። አስቤዛው በባጃጅ መጣ። የዛን ቀን ግቢው ሰሃን ሲጠብቅ፣ አስካለ ወለል ላይ ቁጭ ብላ ሁሉንም ነገር አራት ቦታ ትከፍላለች። ዘይቱን ከጀሪካኑ አውጥታ አራት ሃይላንድ ውስጥ ቀዳችው። ምስሩን፣ ሽሮውን፣ በርበሬውን አራት አራት ቦታ ቋጠረች። አንዱ ቋጠሮ ለአንድ ሳምንት። ቀላል አይደል? ግን አስካለ ራሷን ታውቃለቻ። ቋጠሮ ይፈታል። ራሷ የቋጠረችውን ራሷ ለመፍታት ማን ይከለክላታል?

ስለዚህ የመጨረሻውን ሳምንት ድርሻ፣ ዘይቱን ከነምስሩ ከነዱቄቱ፣ በነጠላ አሰረችና ይዛ ወጣች። ወዴት? እትዬ የሺመቤት ቤት።

"እትዬ፣ ይሄን አደራ ያስቀምጡልኝ። እስከ ሃያ ሁለት ድረስ ብለምንዎትም፣ ባለቅስም አይስጡኝ።"

"የገዛ ዘይትሽን?"

"የገዛ ዘይቴን።"

አደራ! እኔ ይሄን ስሰማ በቃ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ምክንያቱም የራሳችንን ነገር መብላት ሁላችንም እንችልበታለን፣ ማንም አይጠይቀንም። አደራ ግን ማን ይበላል? በኛ ሀገር ሰው ተርቦ ያድራል እንጂ አደራ አይነካም። አስካለ የራሷን አስቤዛ አደራ አደረገችው። ከራሷ እጅ አስመለጠችው።

ቀላል ነበር አልላችሁም። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ማንም ቤት ሰሃን አልላከችም። ቧንቧው ጋ "አስካለ ንፉግ ሆነች" ተባለ፣ ሰማች። ዋጠችው። ወጥ አንድ ዓይነት ብቻ ሠራች፣ ልጆቿ አጉረመረሙ፣ ዋጠችው። ሦስተኛው ሳምንት እያለቀ ሲመጣ ግን እንግዳ መጣ። የወንዳፍራሽ አጎት፣ ጋሽ ደምሰው፣ ከገጠር፣ ሳይነግሩ።

የዛን ቀን ሃይላንዷ ውስጥ የቀረው ዘይት አንድ ጣት አይሞላም። ሽንኩርትም ጥቂት ራስ ብቻ ነው። አስካለ ደነገጠች። የባሏ አጎት፣ ስንት ዓመት ቆይተው መጥተው፣ ደረቅ ሽሮ ይብሉ? አገር ቤት ሄደው ምን ይላሉ? ነጠላዋን እንኳን በወጉ ሳትለብስ እትዬ በር ላይ ሄዳ ቆመች።

"እትዬ፣ አደራዬን ይስጡኝ።"

"ዛሬ ሃያ ሁለት ነው እንዴ?"

እንግዳ መምጣቱን ነገረቻቸው። ለዛሬ ብቻ ነው አለች። ትንሽ ዘይት ብቻ ቀድቼ እመልሰዋለሁ አለች። ከዛ አለቀሰች፣ የምሯን። እትዬ በሩን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ።

"አስካልዬ፣ በዚህ ዕድሜዬ አደራ በላ ልባል አልፈልግም። ባለቅስም አይስጡኝ ያልሽው ራስሽ ነሽ። አልቅሺ፣ ግቢው ሰፊ ነው።"

አሉና ዘጉት። ከራሳቸው ዘይት እንኳን ጠብ አላደረጉላትም። እኔ ስሰማ ተናድጄ ነበር፣ እንዴት አንድ ማንኪያ ይነፍጓታል ብዬ። ቆይቶ ነው የገባኝ። ቢሰጧት ኖሮ አልጋው ስር አንድ ዕቃ ይጨመር ነበር። መከልከል ፍቅር የሚሆንበት ቀን አለ።

አስካለ ፊቷን ጠርጋ ተመለሰች። ያችኑ ሽንኩርት አድቅቃ ከተፈች፣ በውሃ ቀስ ብላ አቁላላች፣ ያችኑ አንድ ጣት ዘይት ጠብ አደረገች፣ ሽሮዋን በዝግታ አበሰለች። ስታቀርብ ቀና ብላ ማየት አልቻለችም። ጋሽ ደምሰው ጎረሱ። ደገሙ። ሰሃኑን ጠርገው ጨረሱና "ከተማ ስመጣ ቅባት ነው ሆዴን የሚያስጮኸው፣ እንዲህ ያለ ሽሮ ከበላሁ ቆይቻለሁ፣ አለሽ ወይ ልጄ?" አሉ።

አለሽ ወይ! ጨምሪልኝ ማለታቸው እኮ ነው። ታዲያ ያ ሁሉ ዘይት፣ ያ ሁሉ ሁለት ዓይነት ወጥ፣ ለእንግዳ ነበር ወይስ ለስሟ? አስካለ ያኔ ነው ራሷን የጠየቀችው።

ሃያ ሁለት ደረሰ። በር አንኳኳች። እትዬ ገብተው ነጠላውን አመጡ። ቋጠሮው እንደታሰረ።

እና ሃያ ስምንት፣ አማኑኤል። ጠዋት ነው፣ ሴቶቹ ቧንቧው ጋ ተሰልፈዋል። ድንገት ከአንድ ቤት ቸስስስ የሚል ድምፅ መጣ። ዘይት ነው፣ የጋለ ዘይት። ሁሉም ዞረው ተያዩ። በሃያ ስምንት በዘይት የሚጠብስ ማን ነው? ከአስካለ ቤት ነው። አንዷ ጀሪካኗ ሞልቶ እየፈሰሰ ቧንቧውን አልዘጋችውም፣ ረስታዋለች።

የምስር ሳምቡሳ ነው። ሊጡን ዳምጣ፣ ምስሩን ቀቅላ፣ ጠቅልላ ጠቅልላ ስትጠብስ አርፍዳለች። ከዛ አልጋዋ ስር ገባችና ሰሃኖቹን አንድ በአንድ አወጣች። ሁሉንም ሞላች። የእትዬን ብቻ አይደለም፣ የሁሉንም። በየቤቱ ራሷ ወሰደች። በየቤቱ ቀና ብላ ዓይናቸውን እያየች "ቆየብኝ፣ ይቅር በሉኝ" አለች። ስንት ወር የሸሸቻቸውን ሰዎች በአንድ ጠዋት ሳመቻቸው።

መጨረሻ ላይ አበባ ያላቸውን ሰሃኖች ይዛ እትዬ የሺመቤት ቤት ገባች። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል። እትዬ ሰሃኖቹን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ከዛ ገና ሽማግሌዎቹ አፋቸውን ሳይከፍቱ፣ ገና ልጅቷን ስጡን ሳይሉ፣ እትዬ እልል አሉ። አንደኛው ሽማግሌ ግራ ገብቷቸው "እሺ ተባልን ማለት ነው?" ብለው ጠየቁ አሉ። ግቢው ተቀበለ፣ እልል፣ እልል። ሀረገወይንም ተፈቀደች። ግን የመጀመሪያው እልልታ ለማን ነበር? ለአስካለ ነበር። አንድ ወር ሙሉ ቃሏን ለጠበቀች ሴት የተባለ እልልታ ነበር።

እሺ፣ አሁን ወደ እኛ።

እግዚአብሔር የሰጠን ግማሽ ወር ነው? አይደለም፣ ሙሉ ነው። ታዲያ ለምንድን ነው መጀመሪያው ላይ የምንጨርሰው? እኛ ወጣቶች አንሳቅ፣ የወር ኢንተርኔት በሦስት ቀን የምንጨርስ እኛ ነን። ጾም ሲገባ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ቅዱሳን ነን፣ ከዛ በኋላ የት ነን? እናንተ ባለትዳሮች፣ ሠርጉ ሰሞን በጀሪካን ያንደቀደቃችሁት "ውዴ" አሁን ስንት ጠብታ ቀርቶታል? ልክ ማወቅ ንፍገት የሚመስላችሁ ካላችሁ አስካለን እዩዋት። ለሁሉም የሰጠችው፣ ሁሉንም ያቀፈችው፣ በልክ በኖረችበት ወር ነው።

እናንተስ ማንን ነው የምትሸሹት? ስልኩን የማታነሱለት ማን ነው? አስተምሯችሁ፣ አበድሯችሁ፣ ታማችሁ ጠይቋችሁ፣ ባዶ እጄን እንዴት ብላችሁ የዘጋችሁበት? ሰሃኑን ሞልቶ መመለስ ይቻላል። የሚቻለውም አስቤዛው ሲጨመር አይደለም። የአስካለ አስቤዛ አንድ ኪሎ አልተጨመረበትም። ያው ደመወዝ ነው፣ ያው ባጃጅ ነው። የተጨመረው አንድ ነገር ብቻ ነው። አይሆንም የሚላት ሰው።

ስለዚህ ወር ሊገባ ነው፣ ዛሬውኑ አንድ ሰው ፈልጉ። "ብለምንህም እንዳትሰጠኝ" የምትሉት ሰው። እኔ የኔን መርጫለሁ፣ ሦስተኛው ወንበር ላይ ነው የተቀመጠችው፣ ስልኬን ማታ ማታ እሷ ልትይዘው ተስማምተናል፣ አሁን እየሳቀችብኝ ነው። እናንተም ዞር ዞር በሉና ምረጡ። ግን አደራ፣ የሚያዝንላችሁን ሰው አትምረጡ።