አራት ገመድ፣ አንድ ደወል

አንድ ገበሬ ነበረ፤ ማሽላውን ከገደል አፋፍ ላይ የዘራ። አውቃለሁ ወይንሸት፣ የጠየቅሽኝ ስለ ገበሬ አይደለም። ይህ የስልክ ማማውን የሚጠብቅ የማንቂያ መሣሪያ ከጠዋት ጀምሮ ሲጮኽብሽ ዋለና «ጋሼ፣ የሁሉንም መስመር የማስጠንቀቂያ ልክ እኩል ከፍ አድርጌ ብገላገልስ?» አልሽኝ። እጅሽን ከቁልፉ ላይ አንሺና ስሚኝ።

የገበሬው ጎተራ ባዶ ነበር። እሱ፣ ሚስቱና አራት ልጆቹ ዓመቱን የሚከርሙት በዚያ ማሽላ ብቻ ነው። ገደሉ ደግሞ የዝንጀሮ አገር ነው። ዝንጀሮ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየው የሚሰርቅ ፍጥረት ነው፤ አያፍርም። ስለዚህ ገበሬው በማሳው ዙሪያ አራት ገመድ ዘረጋ፤ የሁሉንም ጫፍ መጠበቂያ ማማው ላይ ከሰቀለው ደወል ጋር አሰረ። አንዱ ገመድ ሲነካ ደወሉ ይጮኻል፣ እሱ ወንጭፉን ይዞ ይሮጣል።

ዘዴው ጥሩ ነበር፤ ደወሉ ግን ለሁሉም ጮኸ። ነፋስ ሲነሳ ይጮኻል፣ ጅግራ ስትዘል ይጮኻል፣ የጎረቤት ፍየል ጀርባዋን ስታክ ሳይቀር ይጮኻል። ገበሬው ሲወጣ ሲወርድ ጉልበቱ ከዳው። በአምስተኛው ቀን ተናደደና አራቱንም ገመዶች በአንድ ልክ አላላቸው። ለፍርድ እኩልነት ደግ ነው፤ ለገመድ ግን አይሆንም። ደወሉ ዝም አለ። እሱም «ተመስገን» ብሎ ጋደም አለ፣ እንቅልፍ ወሰደው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ።

ሲነቃ የማሳው እኩሌታ አገዳው ብቻ ቀርቷል። ዝንጀሮዎቹ የላላውን ገመድ በእርጋታ ተራምደው ገብተው፣ ጠግበው ወጥተዋል። ሰውየው ደወሉን ሊሰብረው ድንጋይ ሲያነሳ ሚስቱ እጁን ያዘችው።

«ደወሉ ምን አደረገህ? አንተ ገመዱን የምታውቀው ማማ ላይ ተቀምጠህ ነው። ና ውረድና አንድ በአንድ በእግራችን እንያቸው» አለችው።

ወረደ። የቀረውን ማሽላ ላያስነካ ቆርጦ ነበር። በጅግራዋ በኩል ያለውን ገመድ ከፍ አድርጎ አሰረው፣ ከሥሩ እንድታልፍ። ነፋስ የሚበዛበትን ደግሞ፣ ክብደት ሲያርፍበት ብቻ ደወሉን እንዲስብ፣ ትንሽ አላላው። በፍየሏ በኩል ካስማውን ሁለት ክንድ ወደ ማሳው አስገባ፣ ጀርባዋን እንዳታክበት። በገደሉ በኩል ያለውን ግን ወጠረው። አሁንስ ጨረስን ቢላት ሚስቱ እምቢ አለች። አንተ ውጣና አዳምጥ ብላው፣ ነጠላዋን አገልድማ፣ እንደ ዝንጀሮ በእጅና በእግሯ እየዳኸች በገደሉ በኩል መጣች። መንገደኞች ቆመው ሳቁባት። ይሳቁ! መጀመሪያ ከገመዱ ሥር ሾልካ አለፈች፣ ደወሉም አልጮኸም፤ ዝቅ አድርገው አሰሩት። ደግማ ዳኸች፣ አሁንም ዝም፤ እንደገና ዝቅ አደረጉት። በሦስተኛው ጮኸ።

በሁለተኛው ቀን ቀትር ላይ ደወሉ ጮኸ። ገበሬው «ነፋስ ይሆን?» አላለም፤ ተነስቶ ሮጠ። ዝንጀሮዎቹ ገና ገመዱ ላይ ነበሩ። ያ ቤት በዚያ ዓመት በግማሽ ማሽላ ከረመ፤ ጠበበው እንጂ አልተራበም።

እንግዲህ ወይንሸት፣ ገመዶቹ እነዚህ መስመሮችሽ ናቸው። እኩል አታድርጊያቸው። የመሣሪያ ቤቱ በር በነፋስ ይንቀጠቀጣል፤ አንድ ደቂቃ ክፍት ሆኖ ሲቆይ ብቻ ይጩኽ። ባትሪው ቀትር ላይ መሞቁ ያለ ነው፤ ከዚያ አልፎ ሲግል ይንገርሽ። የጄኔሬተሩ ነዳጅ ግን ገደልሽ ነው። ነዳጅ የሚያመጣው መኪና እዚህ ለመድረስ አንድ ቀን ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ገና ግማሽ ላይ ሲደርስ ይጩኽ። ማማው ከጠፋ ሦስት ቀበሌ፣ ሴት ምጥ ቢይዛት አምቡላንስ የሚጠራበት የለውም።

አንድ ነገር ቀረ። ይህ መሣሪያ እስከ ዛሬ የሚደውለው ወደ እኔ ስልክ ነው፤ እኔ ደግሞ ዓርብ ጡረታ እወጣለሁ። ቁጥሬን አጥፊና ያንቺን አስገቢ። ከዚያ ስልክሽን ይዘሽ እዚሁ ጠብቂ። እኔ ወርጄ የመሣሪያ ቤቱን በር አንድ ደቂቃ ከፍቼ ልያዘው፤ ዛሬ ዝንጀሮው እኔ ነኝ።