ባሏን የጠበቀው ራት

አንድ ሸማኔ ነበር፤ ስሙ ቢያድግልኝ ይባላል። ሚስቱ የሻረግ ጥጡን ትፈትላለች፤ እሱ ይሸምናል። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ወንዙን ተሻግሮ ጋቢውን ገበያ ያወጣል። በቤታቸው ከሁሉ በላይ የሚከበር አንድ ደንብ ነበር። የሻረግ ባሏ ሳይበላ አትበላም። ባሏ ገበያ የዋለ ዕለትማ ነገሩ ይብስ ይጠነክራል። በሰርጓ ሰሞን አማቷ አጠገባቸው አስቀምጠው፣ «ባልሽ መንገድ ላይ እያለ እህል ከቀመስሽ እግሩ ይታሰራል፤ በደህና አይመለስልሽም» ብለዋታል። ቢያድግልኝም እዚያው ተቀምጦ ሰምቷል። እውነት እንዳልሆነ ልቡ ያውቅ ነበር። ግን ደስ ስላለው ዝም አለ።

በሐምሌ ወር አንድ ቅዳሜ፣ ጋቢውን ሸጦ ሲመለስ ወንዙ ሞልቶ ጠበቀው። ደፍሮ የሚሻገር ሰው ስላልነበረ ወዳጁ ሞላ ቤት አደረ። እሑድም ዝናቡ አላባራም። ሞላ በግ አረደለት።

ቢያድግልኝ አጥንቱን እየጋጠ፣ «የኔዋ እኮ እኔ ካልገባሁ እህል አታይም» አለ።

«ታዲያ አሁንስ?» አለው ሞላ።

«ትጠብቀኛለቻ!»

«አንተ ሰውዬ፣ አራስ አይደለችም እንዴ?»

ቢያድግልኝ ሳቀ። «ያንተዋ ቀድማህ ስለምትጎርስ ቀንተህ ነው።»

ሞላ አልሳቀም። ሥጋውን ወደ እንግዳው ገፋ አደረገለት።

ሰኞ ጠዋት ወንዙ ጎደለ። ቢያድግልኝ ተሻግሮ ቤቱ ደጃፍ ሲደርስ የሕፃን ልቅሶ ሰማ፤ የልጁ ድምፅ ግን አልመስልህ አለው። በጣም ቀጥኗል። እየተቆራረጠ ይጠፋና እንደገና ይመጣል። ዘልቆ ሲገባ፣ ሁለት ወር ያልሞላት፣ ገና ክርስትና ያልተነሳች ልጁ በጎረቤታቸው በእትዬ አገሬ ጭን ላይ ተጋድማለች። እትዬ አገሬ ጣታቸውን የላም ወተት ውስጥ እየነከሩ ያስልሷታል። የሻረግ መደቡ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። የቅዳሜው ራት እንደተከደነ ነው፤ ማንም አልነካውም።

«መጡ?» አለችው በቀስታ። «እንኳን በደህና ገቡልኝ። ጡቴ ደረቀ።»

«ለምን አልበላሽም?»

«ወንዙ ሞላ ሲሉኝ ፈራሁ። ልጅቷ ስታለቅስ ልበላ እጄን እዘረጋለሁ። ወዲያው እርስዎን ውሃ ሲወስድዎት ይታየኛል። እመልሰዋለሁ።»

ቢያድግልኝ እትዬ አገሬን አያቸው። እሳቸው ዓይናቸውን ከሕፃኗ ላይ አላነሱም።

«እኔ ዛሬ ጠዋት ነው የደረስኩባት» አሉ። «ብለምናት፣ ብለምናት እምቢ አለችኝ። አራስን ፈጣሪ እንኳ አያስጾማትም። ለመሆኑ አንተ ማን ነህና ታስጾማታለህ?»

«እኔ አይደለሁም፣ እትዬ። ያን ነገር የነገረቻት እናቴ ናት።»

«አንተስ ምን አልካት?»

በሦስት ዓመት ትዳራቸው አንድም ቀን «እኔን አትጠብቂ፣ ብዪ» ብሏት አያውቅም።

ቢያድግልኝ እትዬ አገሬ ያመጡትን አጥሚት በጣሳ ቀዳና ፊቷ ተንበርክኮ ሰጣት። የሻረግ ተቀበለችው፤ ወደ አፏ ግን አላስጠጋችውም። «መጀመሪያ እርስዎ ይቅመሱልኝ፤ ከመንገድ መግባትዎ ነው» አለችው። ሊቆጣ ቃጣው። «ጠጪ ብያለሁ!» ሊላት አፉን ከፍቶ ተወው። ያም ቢሆን ትእዛዝ ነው። ልጁን ከእትዬ አገሬ ጭን አነሳና ወጥቶ ደጃፉ ላይ ጀርባውን ለቤቱ ሰጥቶ ተቀመጠ።

በዚያ የሚያልፍ አንድ ጎረቤት ሲያየው ቆም አለ። «ቢያድግልኝ! ሞግዚት ሆንክ እንዴ? ሴትዮዋ የት ሄዳ ነው?»

«ምግብ ላይ ናት።»

«አንተ በልተሃል?»

«አልበላሁም» አለ ቢያድግልኝ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ቤት ውስጥ እንዲሰማ። «እሷ ስትጠግብ እበላለሁ።»

ጎረቤቱ ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። ቢያድግልኝ ፊቱን ሳያዞር ጠበቀ። ብዙ ቆይቶ ከኋላው የሻረግ አጥሚቱን ፉት ስትል ሰማ። ከዚያ እንደገና። ያን ጊዜ በልጁ ላይ ጎንበስ ብሎ አለቀሰ።

የሻረግ ጡት የተመለሰው በሦስተኛው ቀን ነው። ልጅቷም ተረፈች።

ቢያድግልኝ ሚስቱን መትቶ አያውቅም፤ ሰድቧትም አያውቅም። ክፉ ባል ነበር ለማለት ይከብዳል። ጥፋቱ ስለተመቸው ብቻ ዝም ማለቱ ነው። ለባሏ ማዘን የሻረግ የራሷ ፍቅር ነበር። ፍርሃቱን ግን ሌሎች ናቸው በላዩ የጨመሩባት፤ አንድ ቃል ተናግሮ ሊያነሳላት የሚችለውም ባሏ ብቻ ነበር። ብዙ ጊዜ ወግ ነው፣ ክብር ነው የምንለውን ነገር ማን ተርቦ እንደሚያቆምልን አንጠይቅም።

በእናንተስ ቤት፣ እናንተ እስክትጠግቡ ቆማ የምትጠብቅ አለች? ርቧት እንደሆነ ጠይቃችኋት ታውቃላችሁ?