ለመጨረሻ የተቀመጠችው ወረቀት

አንድ ሙግት የሚወድ ገበሬ ነበር። ስሙ ጓንጉል ነው፤ የአገሩ ሰው አያ ጓንጉል ይለዋል። ሽማግሌዎች በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው በሚዳኙበት ጊዜ እሱ ተነሥቶ መናገር ሲጀምር፣ ሥራ ያለው ሰው እንኳ ሥራውን ጥሎ ይሰማው ነበር። የማሸነፊያ ዘዴው አንዲት ናት። ዋናውን ነገር አስቀድሞ አያወጣም። ባላጋራው የልቡን ተናግሮ፣ ምስክሩን አሰምቶ፣ "አበቃሁ" ብሎ ሲቀመጥ፣ ያን ጊዜ ጋቢውን አስተካክሎ የቋጠረውን ይፈታል። "ሁሉን ቢናገሩት ሆድ ባዶ ይቀራል" ማለትም ይወድ ነበር።

አንድ ዓመት፣ ክረምቱ እንዳለፈ፣ አንጓች የምትባል ጎረቤቱ ቦዩን ዘጋችበት። ውሃው ከምንጩ ተነሥቶ የእሷን ማሳ አቋርጦ ነው ከአያ ጓንጉል የብርቱካን ማሳ የሚደርሰው። ባሏ ደርበው በሕይወት ሳለ ሃያ ዓመት ሙሉ ማንም ሳይናገረው አልፏል። ደርበው ከሞተ በኋላ ግን አንጓች፣ "ባሌ በደግነቱ አሳለፈልህ እንጂ ውል የለህም። ቦዩ ማሳዬን እየሸረሸረ ጨረሰው" አለችና አፈር ሞላችበት። አርባ የብርቱካን ዛፎች መጠውለግ ጀመሩ። አያ ጓንጉል በገዛ እጁ የተከላቸው ናቸው፤ ሌላ መተዳደሪያም የለው።

እሱ ግን ብዙም አልደነገጠም። በሣጥኑ ውስጥ አንዲት ወረቀት አለችው። እሱና ደርበው ቦዩን አብረው የቆፈሩ ጊዜ የተጻፈች ናት። "ውሃው በማሳዬ ለዘለዓለም ይለፍ፤ እኔም ቤተሰቤም አንከለክልም" ትላለች። የደርበው የአውራ ጣት አሻራና የሦስት ሽማግሌዎች ፊርማ አለባት። ወረቀቷን አጣጥፎ በደረት ኪሱ ከተተና ከተማ ወርዶ ከሰሰ።

ክሱን የተቀበለችው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ "አባቴ፣ የጽሑፍ ማስረጃ ካለዎት ዛሬውኑ ከክሱ ጋር ያያይዙ። በእጅዎ ከሌለም የት እንዳለ ያስመዝግቡ" አለችው።

"ምስክር አለኝ።"

"ወረቀትስ?"

"ለሁሉም ጊዜ አለው፣ ልጄ" ብሎ ፈገግ አለ። ልጅቷ የነገራትን ብቻ ጻፈች።

ክርክሩ ስምንት ወር ፈጀ። አያ ጓንጉል በአህያ ውሃ እያጓጓዘ ዛፎቹን ሲያጠጣ ወገቡ ጎበጠ። ከሦስቱ ሽማግሌዎች ሁለቱ ሞተዋል፤ በሕይወት ያለው አንዱ ለምስክርነት ቀርቦ ይህን ቦይ ከሌላ ቦይ ጋር አምታታው። የአንጓች ምስክሮች ደርበው ውሃውን ያሳለፈው በደግነት ነው አሉ። አያ ጓንጉል ይህን ሁሉ እየሰማ በልቡ ይስቃል። በቀጠሮው ሁሉ ሴትየዋን እያየ፣ "የባልሽ አጥንት ይፋረድሽ! ቃሉን ያጠፍሽ!" ይላታል። እሷም ቃሉ የቱ እንደሆነ ግራ ገብቷት አንገቷን ትደፋለች።

በመጨረሻው ቀን ዳኛው መዝገቡን ሊዘጋ ሲል አያ ጓንጉል ብድግ አለ። "ጌታዬ፣ አንዲት ነገር ቀረችኝ" ብሎ ወረቀቷን በሁለት እጁ ዘረጋ።

ዳኛው አልተቀበለውም። "ይህች ሰነድ በክሱ ላይ ተዘርዝራለች?" ሲል ጠየቀ።

"የለችም።"

"እስከ ዛሬ ለምን አልቀረበችም? ጠፍታብዎት ነው? ሰው እጅ ነበረች? መኖሯን አላወቁም? ምለው ይመልሱልኝ።"

ከኋላው የተቀመጠው አማቹ፣ "ትናንት ሣጥን ስፈትሽ አገኘኋት ይበሉ!" ብሎ አንሾካሾከ።

አያ ጓንጉል በዕድሜው ብዙ ነገር ደብቆ ተሟግቷል፤ ምሎ ግን ዋሽቶ አያውቅም። "ጌታዬ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በኪሴ ነበረች። ለመጨረሻ ብዬ ነው ያስቀመጥኳት" አለ።

"እንግዲያው አልቀበላትም።"

"ሐሰት ናት ማለትዎ ነው?"

"አላልኩም።"

"እሺ፣ እውነት ናት?"

"እሱንም አላልኩም። አላየኋትማ።"

አያ ጓንጉል ወረቀቷን አገላብጦ አየ። ፊርማው ያው ነው፤ አሻራውም ያው ነው። "ወረቀት እንደ እንጀራ ይሻግታል እንዴ፣ ጌታዬ?"

"ወረቀቷስ አልሻገተችም፣ አባቴ" አለ ዳኛው፤ ፊቱ ላይ ሐዘን ይታይ ነበር። "ነገር ግን እኚህ ሴት ምስክሮቻቸውን አሰምተው ጨርሰዋል። አሻራው የባሌ ነው ለማለትም፣ አይደለም ብለው ለማስመርመርም ጊዜ ይገባቸው ነበር። ሰነድ በመጀመሪያው ቀን ይቅረብ የተባለው ለኔ ምቾት አይደለም፤ ወዲያ ማዶ ለቆመው ሰው ነው። ጠፍታብዎት ቢሆን ኖሮ ሕጉም ይራራልዎ ነበር። እርስዎ ግን ደብቀዋታል።" ቦዩም እንደተዘጋ እንዲቀር ፈረደ።

አያ ጓንጉል ወጥቶ ደረጃው ላይ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። አማቹ ተናዶ ጥሎት ሄዷል። ነገሩን ከላይ ቢያስበው፣ ከታች ቢያስበው አልገጥም አለው። ቢዋሽ ኖሮ እውነቱ ትገባለት ነበር፤ እውነቱን ቢናገር እውነቱ ውጭ ቀረች። ይህ እንዴት ያለ ፍርድ ነው?

እንዲህ ግራ ተጋብቶ ሳለ አንጓች ወጥታ አጠገቡ ቆመች። "እስቲ ያቺን ወረቀት አሳየኝ" አለችው።

ማንበብ አታውቅም፤ አሻራውን ግን አየች። መሐሉን አንድ ነጭ መስመር ሰንጥቆታል። ጣቷን አስነካችው፤ ዓይኗም እንባ ሞላ። "የሱ ጣት ነው። ማጭድ የቆረጠው ጊዜ እኔ ነኝ ያሰርኩለት። አያ ጓንጉል፣ ምነው መጀመሪያውኑ ደጄ መጥተህ ብታሳየኝ?"

"አንቺማ ባላጋራዬ ነሽ። ለባላጋራ ደግሞ ማስረጃ ያሳዩታል?"

"ያን ጊዜ እኮ ጎረቤትህ ነበርኩ! ይህን ቃል መስጠቱን መች ነገረኝ? ባውቅማ ኖሮ ቦዩን በገዛ እጄ እጠርግልህ ነበር። አንተ ግን ወረቀቱን ኪስህ ይዘህ፣ ያላየሁትን ቃል አጠፍሽ እያልክ ስምንት ወር በሰው ፊት አዋረድኸኝ።"

አያ ጓንጉል ወረቀቷን ተቀብሎ አጣጠፈና ወደ አገሩ መንገድ ጀመረ።

በማግስቱ ጧት ውሃው መጣ። አንጓች ለማንም ሳትናገር አፈሩን ጠርጋ ለቅቃዋለች። ከአርባዎቹ ዛፎች አሥራ ሁለቱ ደርቀዋል፤ የቀሩት ዳኑ። በመዝገብ ላይ ግን አያ ጓንጉል ውሃ የለውም። ነገ ብትዘጋው ማንም አይጠይቃትም። መብቱ የነበረው ውሃ ችሮታ ሆኖ መጣለት። በአጥሯ ሥር ባለፈ ቁጥር ማመስገን ይሁን መቆጨት ያለበት አይገባውም፤ ባርኔጣውን ብቻ አውልቆ ያልፋል።

የዚህ ታሪክ ትምህርት፣ እውነትን መያዝ ብቻውን አይበቃም የሚል ነው። በጊዜው ያልታየች እውነት ለያዛት ሰው አትቆምለትም። ደግሞም ሰውን ለመርታት ብለን የምንደብቀው ነገር፣ ቀድመን ብናሳየው ኖሮ ሙግቱን ራሱን ያስቀረው ይሆናል።

እስቲ እናንተም ኪሳችሁን ፈትሹ። ከጎረቤት፣ ከወንድም ወይም ከትዳር ጓደኛ ጋር ስትካሰሱ፣ "ለመጨረሻ" ብላችሁ ያስቀመጣችሁት ምን አለ? ያ ሰው ዛሬ ቢያየው፣ ባላጋራችሁ ሆኖ ይቀር ነበር?