አልነሳም ያለው የትርንጎ ኮምፒውተር

ተረት ይዤ መጥቻለሁ፤ «ይዘህ ግባ» በሉኝ እንጂ! እንቅልፍ የያዘው ይነሳ፣ የተነሳው ጆሮ ይስጠኝ።

በደብረ ታቦር ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። አባቷ አቶ ጓንጉል ሲመርቁ ሰፈር ሙሉ «አሜን» የሚልላቸው ሰው ነበሩ። ምን ያደርጋል፣ ጉሮሯቸውን ታመሙ። ሐኪሞቹም «ነፍስዎ ትተርፋለች፤ ድምፅዎ ግን ይቀራል» አሏቸው። ትርንጎ ያኔ እርጉዝ ነበረች። አባቷ ሆስፒታል ሊሄዱ ሲሉ፣ ለሚወለደው ልጅ የሚሆን ምርቃታቸውን ሊኑክስ በሚሉት ሥርዓት በሚሠራው ኮምፒውተሯ ቀዳች። ቀድታ ሳትጨርስ መኪናው በር ላይ ጥሩምባውን ነፋ። «ሴቭ የማደርገው በኋላ ነው» ብላ ክዳኑን ከደነችው። ኮምፒውተሩም ቻርጀሩ ላይ እንደተሰካ፣ ምርቃቱን በሆዱ ይዞ ተኛ።

እሳቸው ድነው ተመለሱ፤ ድምፃቸው ግን ቀረ። እሷም ሴት ልጅ ወለደች። በክርስትናዋ ዕለት ትርንጎ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጇ የአያቷን ምርቃት እንድትሰማ። ክዳኑን ብትከፍት ስክሪኑ ከሰል መስሎ ቁጭ አለ።

ባሏ አስማረ «አጥፍተሽ አብሪው!» ብሎ ጣቱን ወደ ማጥፊያው ሰደደ።

«እጅህን ሰብስብ! ሴቭ አልተደረገም እኮ! እሱ ከጠፋ የአባዬ ድምፅ አብሮ ጠፋ!» አለችው። ቀጥላም ወደ ስክሪኑ ዞራ «ስክሪን ሆይ፣ ብራ! አንተ ካልበራህ ምርቃቱ አይሰማም» አለች።

«አልበራም» አለ ስክሪን። «ሥዕል የሚሰጠኝ ካርዱ ነው። እሱ ካልነቃ ምኑን ላሳይሽ?»

ካርዱን ልትፈትን ኮምፒውተሩን በገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘችው። ቴሌቪዥኑም ጠቆረ። «ካርዱ፣ ንቃ እንጂ! አንተ ካልነቃህ ስክሪኑ አይበራም፣ ስክሪኑ ካልበራ ምርቃቱ አይሰማም!»

«አልነቃም» አለ ካርዱ። «ዲስኩ ታላቄ ነው። ታላቅ ሳይነሳ ታናሽ ይነሳል እንዴ? ነውር ነው!»

አጃኢብ እኮ ነው! ከትሪ በማይወፍር ዕቃ ውስጥ ታላቅና ታናሽ አለ ብሎ ማን ያስባል?

ትርንጎ የዲስኩን መብራት አየች፤ ብልጭ እንኳ አይልም። «ዲስኩ፣ ተነስ በሞቴ! አንተ ካልተነሳህ ካርዱ አይነቃም፣ ካርዱ ካልነቃ ስክሪኑ አይበራም፣ ስክሪኑ ካልበራ ምርቃቱ አይሰማም!»

«አልነሳም» አለ ዲስኩ። «አለቃችን ከርነል ሳይጣራ ንቅንቅ አልልም።» ይኸ ከርነል የሚሉት የሊኑክስ የበላይ ነው፤ ያለ እሱ ቃል በዚያ ቤት ውስጥ ዝንብ አትበርም።

«አጥፍተሽ አብሪው ብዬሽ ነበር!» አለ አስማረ።

«እጅህን ሰብስብ ብዬህ ነበር!»

ካፕስ ሎክ የሚባለውን ቁልፍ ተጫነች። አለቃው ነቅቶ ቢሆን የቁልፏ መብራት ትበራ ነበር፤ አልበራችም። ትርንጎ እንባዋ መጣ። «አለቃዬ፣ ኧረ ተጣራ! አንተ ካልተጣራህ ዲስኩ አይነሳም፣ ዲስኩ ካልተነሳ ካርዱ አይነቃም፣ ካርዱ ካልነቃ ስክሪኑ አይበራም፣ ስክሪኑ ካልበራ ምርቃቱ አይሰማም!»

«አልጣራም» አለ ከርነል። «እንግዳ አለብኝ። እንግዳ ተቀምጦ እኔ ብድግ ብል ውጣልኝ ማለት አይደለም? መጀመሪያ እሱ ይነሳ።»

«የምን እንግዳ?» ብላ ጎኑን ብታይ፣ ምርቃቱን በቀዳችበት ዕለት ከጎረቤት የተዋሰችው የኢንተርኔት ሞደም እንደተሰካ ቀርቷል! ጉድ በሉ! እንግዳ ሳይሸኙ በር ዘግተው ሄደዋል።

«እንግዳው፣ ኧረ ተነስ! አንተ ካልተነሳህ አለቃው አይጣራም፣ አለቃው ካልተጣራ ዲስኩ አይነሳም፣ ዲስኩ ካልተነሳ ካርዱ አይነቃም፣ ካርዱ ካልነቃ ስክሪኑ አይበራም፣ ስክሪኑ ካልበራ ምርቃቱ አይሰማም!»

«እንዴት ብዬ?» አለ ሞደሙ፤ አኩርፏል። «በር ዘጋችሁብኝ! ማን ሸኘኝ? ሳልሸኝ ውልፍት አልልም!»

«ንቀዪው እንጂ!» አለ አስማረ። ትርንጎ ግን የዘረጋችውን እጇን መለሰች። ስትነቅለው ሁሉም ነገር ድርግም ቢልስ? የአባቷ ድምፅ ከዚህ ሌላ በዓለም ላይ የለም።

ይኼኔ ጥግ ተቀምጠው ሲያዩ የነበሩት አቶ ጓንጉል ተነሱ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ለሞደሙ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱት። በሁለት እጃቸው ቀስ አድርገው ነቀሉትና ትልቅ ሰው እንደሚሸኝ እስከ በር ድረስ ወሰዱት።

እንግዳው ሲሸኝ አለቃው ተጣራ፣ አለቃው ሲጣራ ዲስኩ ተነሳ፣ ዲስኩ ሲነሳ ካርዱ ነቃ፣ ካርዱ ሲነቃ ስክሪኑ ቦግ አለ! ያ ሁሉ ሠራዊት አንድ ሞደም እስኪሸኝ ቁጭ ብሎ ይጠብቅ ነበር! የፈጣሪ ያለህ! ትርንጎ ከእልልታዋም በፊት ሴቭ አደረገች፤ ብልህ ናት። ከዚያ ድምፁን ከፈተችው።

«ወንድም ብትሆን እደግ ተመንደግ፤ ሴትም ብትሆኚ እደጊ ተመንደጊ። እንቅፋት አይምታሽ፣ ክፉ አይይህ…»

«አሜን!» አለች ትርንጎ። «አሜን!» አለ አስማረ፤ ጣቱንም እስከነመኖሩ ረስቶታል። ሕፃኗ ልቅሶዋን አቁማ ድምፁን ታዳምጣለች።

አቶ ጓንጉል በሩ ላይ እንደቆሙ ቀሩ። ያን የመሰለ ድምፅ ከየት እንደመጣ መጀመሪያ አላወቁትም። ሲያውቁት ዓይናቸው እንባ ሞላ። ዕድሜ ልካቸውን ሲመርቁ «አሜን» የሚለው ሌላው ሰው ነበር። ዛሬ ግን ሁለት እጃቸውን ዘርግተው የገዛ ምርቃታቸውን ተቀበሉ፤ ከንፈራቸውም ያለ ድምፅ «አሜን» አለ።

ተረቴ እዚህ ላይ አበቃች፤ አሜን ያላላችሁ በሉ።