ጥጉ ላይ የተኛው ሹም

አንድ ቀራጺ በጥንታዊት ግሪክ፣ በባሕር ዳር ባለች ከተማ ይኖር ነበር። ስሙ ዴክሲፖስ ነው። የከተማዋ ገዢ አዲስ ቤተ መቅደስ ሲያሠራ፣ እርሱና ሹማምንቱ ከአምላካቸው ጎን ሆነው የተዋጉትን ጦርነት፣ ከአምዶቹ በላይ ባለው ባለ ሦስት ማዕዘን ግድግዳ ላይ በድንጋይ እንዲተርክ አዘዘው። ለጠላት ቦታ አልተረፈም፤ ሹማምንቱ ብዙ ነበሩ።

«በምረቃው በዓል ቀን ሕዝቡ አይቶ ታሪኩ ካልገባው፣ ድንጋይህን ሰባብሬ ኖራ አደርገዋለሁ» አለው ገዢው።

ዴክሲፖስ ጨነቀው። ዕድሜውን ሙሉ የተመኘው ሥራ ነው። ግድግዳው ደግሞ መሃሉ ከፍ ብሎ ወደ ጥጉ እየጠበበ ይወርዳል። መሃሉ የአምላኩ ነው፤ ከእርሱ የራቀ መንበርከክ፣ ጫፍ የደረሰም ቆስሎ መውደቅ አለበት። ይህንኑ ለሹማምንቱ አስረዳ።

«እኔ ልውደቅ? የሚስቴ ዘመዶች እያዩ?» አለ አንዱ።

«መንበርከክስ ጌታዬ?»

«አንተ ሰውዬ፣ ለማን ብዬ ነው የምንበረከከው?»

«እንግዲያው ለመቆም ማነስ ግድ ነው።»

«ማነሱ ምን ቸገረኝ! ብቻ ቀጥ አድርገህ አቁመኝ።»

ሌሎቹም እንደዚሁ አሉ። የወደቡ ሹም ሽማግሌው ላምፖን ብቻ፣ «ልጄ፣ እኔን አስተኛኝ። ለዘላለም የምቆምበት እግር የለኝም» አለው።

«ቁስልም ያስፈልጋል፣ አባቴ።»

«አቁስለኝ። ብቻ ክንዴን እንደ ትራስ አድርግልኝ።»

ዴክሲፖስ እንደየፍላጎታቸው ቀረጸ። ገዢው ከአምላኩ አጠገብ ቆመ። ሹማምንቱ ደረታቸውን ነፍተው፣ እያነሱ እያነሱ ሄዱ፤ የመጨረሻው ድመት አከለ። ላምፖን ግን ሙሉ ሰው ሆኖ በአንደኛው ጥግ ተጋደመ።

በበዓሉ ቀን ገዢው ከነሹማምንቱ ሕዝቡ መሃል ቆሞ ያዳምጥ ጀመር። ከሌላ ደሴት የመጣች ዓሣ ሻጭ አንጋጣ አየችና፣ «ውይ! ምን የመሰለ ሰው ወደቀ!» አለች።

«ትንንሾቹስ እነማን ናቸው?» አለ ባሏ።

«ልጆቹ ናቸዋ! አባታችንን አድንልን ብለው አምላኩን ሲለምኑ አታይም? ያ ትልቁ የበኩር ልጁ ነው። ያ ድመት የሚያህለውማ… አንጀቴን በላው!»

አለቀሰች። አጠገቧ ያሉትም አለቀሱ። ሹማምንቱም አለቀሱ፤ ከትንንሾቹ የትኛው የራሳቸው ምስል እንደሆነ ከታች ሆነው መለየት አልቻሉም።

ዴክሲፖስ በፍርሃት ወደ ገዢው ዞረ። የበኩር ልጅ የተባለው ገዢ እንባውን እየጠረገ ነበር።

«ሕዝቡ ታሪኩ ገብቶታል» አለ። «እኔም ገና አሁን ገባኝ። ድንጋዩን ማንም እንዳይነካ!»

ላምፖን በበኩሉ ምስሉን አይቶ፣ «እንዴት ተመችቶኛል!» አለና ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ሄደ። ዴክሲፖስም ያን ቀን እፎይ ብሎ በላ፣ ጠጣ።

ትምህርቱ ግልጽ ነው። ቦታው ሳይፈቅድለት ካልቆምኩ የሚል ሰው ከቁመቱ ይከፍላል፤ ዝቅ ማለትን ያልናቀ ግን ሙሉ ሰው እንደሆነ ይኖራል። አንባቢ ሆይ፣ እርስዎስ ዛሬ ደረትዎን ነፍተው ቆመው ከሆነ፣ ከመንገድ ላይ ቀና ብሎ ለሚያይዎ ሰው ምን ያክሉ ይሆን?