ቀጭ የማይለው ማርሽ

አንድ ጊዜ በሸለቆው ያሉ ምንጮች ሁሉ ደርቀው ውሃ ከአቀበቱ ማዶ ባለ አንድ ምንጭ ብቻ በቀረበት በጋ፣ አህዪትና ጅብ በየብስክሌታቸው ውሃ ያመላልሱ ነበር። የጅቡ ብስክሌት አዲስ ነው፤ የማርሽ መቀየሪያውን ሲጫነው «ቀጭ» ይልና ሰንሰለቱ ራሱ ቦታውን ይይዛል። የአህዪት ግን አሮጌ ነው። መቀየሪያው ዝም ብሎ ይንሸራተታል እንጂ የት እንደሚቆም አይናገርም፤ ሰንሰለቱ መንጫጫቱን እስኪተው እያዳመጠች በቀስታ ታስተካክለዋለች።

«ዛሬም በጆሮሽ ነው የምትነጂው?» እያለ ጅቡ ይስቅባታል።

«ያንተስ ይቀላል አያ ጅቦ፤ እኔ ግን ይህን ለምጄዋለሁ።»

አንድ ቀን ጅቡ ውሃውን ቀድሞ ለመቅዳት ሲጣደፍ ድንጋይ ላይ ወደቀ። ሰንሰለቱን የሚያዛውረው ብረት ተጣመመ። ከዚያ ወዲያ «ቀጭ» ሲያደርገው ማርሹ ሁለት ይዘላል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይንቀሳቀስም።

ቀበሮ ይህን አይታ ጠጋ አለችው። «ምን አስጨነቀህ? የአህዪትን ውሰዳ! ውሃውን ግን እንካፈላለን።»

አህዪት ጀሪካኗን ሞልታ ስትመለስ ጅቡ መንገዱን ዘጋባት።

«ውረጂ!»

«አያ ጅቦ፣ ውርንጭላዬ በትኩሳት እየነደደች ነው። ውሃውን ላድርስላትና ያኔ ብስክሌቱን ውሰደው።»

ጥርሱን አሳያት። ወረደች።

«እንግዲያው ሰንሰለቱን አዳምጥ፤ መቀየሪያውን በኃይል አትግፋው» አለችው። እሱ ግን ከነጀሪካኑ ነድቶት ሄደ።

አቀበቱ መሃል ሲደርስ ደከመውና መቀየሪያውን ገፋ። ዝም።

«ቀጭ በል እንጂ!»

ሰንሰለቱ እየተንጫጫ ነበር፤ ጅቡ ግን ምኑም አልገባውም። ባለ በሌለ ኃይሉ ሲገፋው ሰንሰለቱ ዘሎ ከኋላው ጎማ ሽቦዎች ጋር ተጠላለፈ። ብስክሌቱ ድርቅ አለ፤ ጅቡም ገደል ገባ።

«ቀበሮ! እግሬ ተሰበረ!» እያለ ጮኸ። ድርሻዋን ፍለጋ ስትከተለው የነበረችው ቀበሮ ወርዳ ከተሰነጠቀው ጀሪካን የቀረውን ጠጣችና ዞር ብላ ሳታየው ሄደች።

አህዪት ጅቡ ከራሱ ብስክሌት ጋር ጥሎት የሄደውን ባዶ ጀሪካን አንስታ ወደ ምንጩ ተመለሰች። ውሃ ቀድታ በተጣመመው የጅቡ ብስክሌት አቀበቱን ልትወጣ ሞከረች፤ ማርሹ እየዘለለ አስቸገራት። ብስክሌቱን ትታ በእግሯ ገሰገሰች። ቤቷ ስትደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ውርንጭላዋ ግራር ሥር እንደተኛች ነበረች። ከንፈሯን በውሃ ብታርሰው ውሃው በአገጯ ወርዶ አፈር ላይ ፈሰሰ።

«ጠጪ እንጂ ልጄ» አለቻት። ደግማ ጠራቻት። የውርንጭላዋ ትንፋሽ ግን ቆሞ ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ የሌላውን መሣሪያ መቀማት ቢቻልም መሣሪያውን የለመደውን እጅ መቀማት እንደማይቻል፣ የቅሚያው መዘዝም ምንም ያላጠፋ ሰው ቤት ጭምር እንደሚገባ ነው።