አትንኩ የተባለ ሞተር

አንድ ባለ ወፍጮ ሰው ነበረ። ስድስት ዓመት አብረውት የሠሩ ሁለት ሠራተኞች ነበሩት። እህል ይሸከማሉ፣ ዱቄት ይሰፍራሉ። ሞተሩን የሚያስነሣውና የሚያጠፋው ግን እርሱ ብቻ ነበር፤ እነርሱን «አትንኩ» ብሏቸዋል። ቀድሞ እርሱ ራሱ ሥራውን ያስተማረው አንድ ሠራተኛ ጥሎት ሄዶ ከወንዙ ማዶ የራሱን ወፍጮ ተክሎበታል፤ ስለዚህ ዳግመኛ ማንንም ላለማስተማር ወስኗል። አንድ ጊዜ ከሁለቱ አንዱ የሞተሩ ድምፅ እንደተለወጠ ቢነግረው፣ «አንተ ጆንያህን ያዝ» አለው። ሠራተኛው ሁለተኛ አልተናገረም። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም የሚጠብቁት የመውጫ ሰዓትን ብቻ ሆነ።

በአንድ የገበያ ቀን የሰውየው ጋቢ ጫፍ ወፍጮውን በሚያዞረው ጠፍር፣ በቺንጋው፣ ተያዘ። ጋቢውን አንገቱ ሥር ቋጥሮት ነበርና ሊጥለው አልቻለም። ቺንጋው ጋቢውን ከቀኝ ክንዱ ጋር ጠቅልሎ ይስበዋል፤ እርሱ በግራ እጁ ምሰሶ አቅፏል። አጥፉት አላቸው።

ሁለቱም ወደ ሞተሩ ሮጡ፤ እዚያ ሲደርሱ ቆሙ። አንዱ እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው።

«ጋሼ፣ በምንድን ነው የሚጠፋው?»

ስድስት ዓመት የደበቀውን ሥራ አንገቱ እየታነቀ ማስተማር ጀመረ። ከማጣሪያው በታች ነው አለ። ማጣሪያው የትኛው እንደሆነ ጠየቁት። ክቡ ነው አለ። ክብ የሆኑ ሦስት ነገሮች ነበሩ። ጣቶቹ ምሰሶውን እየለቀቁ ነው።

«ጥቁሩን እጀታ፣ ወደ ላይ!»

ሠራተኛው ገፋው፤ ሞተሩ እየሳለ ቆመ። ሰውየው ከሞት ተረፈ፤ ቀኝ ክንዱ ግን ከዚያ በኋላ አልታጠፈም።

ሲሻለው ለምን እንደዘገዩ ወቀሳቸው። ሠራተኛው፣ «እንዳትነኩ ብለውን ነበር» አለ።  በማግሥቱ ባለ ወፍጮው ሁለቱን ሞተሩ ፊት አቆማቸውና ከመጀመሪያው ብሎን ጀምሮ ያስተምራቸው ጀመር። ወር ሳይሞላ፣ ሞተሩ ድምፁን ሲለውጥ ሳይጠሩት አጥፍተው፣ ፈትተው፣ ጠግነው አስነሡት። ያን ዕለት የመውጫ ሰዓት ማለፉን ልብ ያለው አልነበረም።

አንቺ ልጄ፣ ዳቦ ቤት ከፍተሻል። ዳቦው ሲያር ሠራተኞችሽ ቆመው እንደሚያዩ ነግረሽኝ፣ ይህን ስንፍና በምን ላጥፋው ብለሽ ጠየቅሽኝ። ምድጃውን አንቺ ሳትኖሪ እንዲከፍቱ ፈቅደሽላቸው ታውቂያለሽ? መቼ እንደሚከፈትስ አሳይተሻቸዋል? እነዚያ ሞተሩ ፊት የቆሙት ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም። የአንቺዎቹም ሰነፎች አይመስሉኝም። በደንብ የታዘዙሽ ይመስለኛል።